አክራ 1948፦ የዋጋ ጥያቄ እንዴት የነፃነት ጥያቄ ሆነ

እንደምን አመሻችሁ። ስለመጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ።

የዛሬው ርዕሳችን ሕዝብ በቅኝ ገዢው ላይ የሚነሳው ለምንድን ነው የሚል ነው። ርዕሱ ሰፊ ስለሆነ አንድ አገር መርጫለሁ። ጋናን። በእንግሊዝ ዘመን ስሟ ጎልድ ኮስት ነበር። የምጠራቸው ዓመታት በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። በእኛ ስቆጥር እነግራችኋለሁ።

የጋና ነፃነት ሲነሳ ሁላችንም ቶሎ ትዝ የሚሉን ክዋሜ ንክሩማ ናቸው። ቢሆኑም አይገርምም። ሐውልታቸው እዚሁ አዲስ አበባ፣ አፍሪካ ኅብረት ግቢ ውስጥ ቆሟል። ግን አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። ንክሩማ አሜሪካና እንግሊዝ ዐሥራ ሁለት ዓመት ቆይተው አገራቸው የገቡት በዲሴምበር 1947 ነው። አክራ የተቃጠለችው በፌብሩዋሪ 1948 መጨረሻ ነው። መሐሉ ሦስት ወር እንኳ አይሞላም። በሦስት ወር ብቻውን አገር የሚያነሳ ሰው የለም። እሳቸው ሲደርሱ ማገዶው ተከምሮ ነበር። ዛሬ ማውራት የምፈልገው ስለዚያ ማገዶ ነው።

አስቀድሜ የማምንበትን ልናገር። ያ ሕዝብ መጀመሪያ የጠየቀው ነፃነት አልነበረም። ገበሬው ዛፌን አትቁረጡብኝ አለ። እናትየዋ ጨርቅ ተወደደብኝ አለች። ከጦርነት የተመለሰው ወታደር ጡረታዬስ አለ። ሦስቱም የሚመለሱ ጥያቄዎች ነበሩ። ሰሚ ጠፋና ሦስቱ አንድ ቀን አንድ ከተማ ውስጥ ተገናኙ። ከዚያ በኋላ በዋጋ ቅናሽ የሚመለስ ነገር አልነበረም።

የቀደመውን ታሪክ በአጭሩ ልለፈው። በማርች 6 ቀን 1844 የጠረፉ አለቆች ከእንግሊዝ ጋር አንድ ውል ፈረሙ። ከውሉ በኋላ የእንግሊዝ እጅ ቀስ በቀስ ወደ መሀል አገር ገባ። በ1896 መጀመሪያ እንግሊዞች ኩማሲ ገብተው የአሻንቲውን ንጉሥ ፕሬምፔን አሰሩ። በዚያው ዓመት፣ ሁለት ወር ሳይሞላ፣ እኛ ዓድዋ ላይ ነበርን። ፕሬምፔ ወደ ሲሸልስ ተሰደዱ። በ1900 ያ አሳንቴዋ የምትባል ንግሥት እናት ጦር መርታ ተነሳች፤ ተሸንፋ እሷም ተሰደደች። አገሪቱ ከዚያ ወዲህ ረጭ አለች። እንግሊዞችም ሞዴሏ ቅኝ ግዛታችን ይሏት ጀመር። ትምህርት ቤት አላት፣ ጋዜጣ አላት፣ ጠበቆች አሏት፣ በጀቷ አይጎድልም። የተበጠበጠችው እንግዲህ ይህቺው አገር ናት።

በጀቷ የማይጎድለው በካካዎ ነው።

በ1879 ቴቴ ኳርሺ የተባሉ አንጥረኛ ፈርናንዶ ፖ ከምትባል ደሴት የካካዎ ፍሬ ይዘው መጥተው ተከሉ። በ1911 ጎልድ ኮስት በካካዎ ምርት ከዓለም አንደኛ ሆነች። ይህን የሠራ የእንግሊዝ እርሻ ኩባንያ የለም። የሠራው በገዛ መሬቱ ላይ ያለ ጥቁር ገበሬ ነው። ይህ ትልቅ ልዩነት ነው። ኬንያ ላይ መሬቱን ነጭ ሰፋሪ ስለወሰደው ቁጣው የመሬት ቁጣ ሆነ። ጎልድ ኮስት ላይ ግን መሬቱ የገበሬው ነው። ያልሆነው ዋጋው ነው።

ካካዎውን ገዝተው ወደ አውሮፓ የሚጭኑት ጥቂት የአውሮፓ ኩባንያዎች ናቸው። ጨርቁን፣ ስኳሩን፣ ቆርቆሮውን ከአውሮፓ የሚያመጡትም ራሳቸው ናቸው። ትልቁ የዩኒሊቨር ንብረት የሆነው ዩናይትድ አፍሪካ ካምፓኒ ነበር። ገበሬው ሲሸጥም ሲገዛም የሚደራደረው ከአንድ ሰው ጋር ነው። በ1937 እነዚህ ኩባንያዎች እርስ በርስ ላንወዳደር፣ የመግዣ ዋጋችን አንድ ይሁን ብለው ተስማሙ። ገበሬው ነገሩን አወቀና ካካዎውን ይዞ ተቀመጠ። ወራት ሙሉ አልሸጠም። የእነሱንም ሸቀጥ አልገዛም አለ። እስከ ኤፕሪል 1938 ድረስ ነገሩ ከረረ፤ ከለንደን መርማሪ ኮሚሽን መጣ። የኩባንያዎቹ ስምምነትም ቀረ። ገበሬው ያን ዓመት የተማረውን አልረሳም። እጁን ከሰበሰበ ባለሱቁ ይሰማል፤ ባለሱቁ ከሰማ መንግሥት ይሰማል።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። መንግሥት ካካዎውን በሙሉ በቁርጥ ዋጋ ልግዛ አለ። ጦርነት ነው ተባለና ሰው ቻለው። ጦርነቱ ሲያልቅ የዓለም ዋጋ ሰማይ ነካ። ለገበሬው የሚደርሰው ግን ከዚያ በጣም ያነሰ ነው። ልዩነቱ ካካዎውን በሚገዛው የመንግሥት ቦርድ እጅ፣ ለንደን ባንክ ተቀመጠ። ለክፉ ቀን ማስቀመጫ ነው ተባለ። ገበሬው ክፉ ቀኑ አሁን ነው አለ።

በላዩ ላይ በሽታ መጣ። የካካዎውን ቅርንጫፍ የሚያሳብጥ፣ ዛፉን ቀስ ብሎ የሚገድል ቫይረስ ነው። አንዲት ነጭ ተባይ ከዛፍ ወደ ዛፍ ታስተላልፈዋለች። መድኃኒት የለውም። መንገዱ የታመመውን ዛፍ መቁረጥ ብቻ ነው፤ ሳይንሱ ትክክል ነበር። ግን እስኪ በገበሬው ቦታ ቁሙ። ዛፉን አባቱ ተክሎታል። ፍሬ እስኪሰጥ ዓመታት ጠብቋል። አሁን ተሸክሞ ቆሟል፤ ፍሬው ዛፉ ላይ ነው። የመንግሥት ሰዎች መጡ፣ ምልክት አደረጉበት፣ ጣሉት። ሰፈሩ ሁሉ እንግሊዝ ሊያደኸየን ነው ማለት ጀመረ። ወሬው ውሸት ነበር። ነገር ግን የሚታመን ሰው አጠገቡ ስላልነበረ እውነቱን የሚነግረው አላገኘም። የዋጋ ነገር ሲያታልለው የኖረ መንግሥት በበሽታ ጉዳይ እመነኝ ቢለው እንዴት ይመን?

አሁን ወደ ወታደሮቹ ልምጣ። እዚህ ላይ ትንሽ እንድቆይ ፍቀዱልኝ፤ ጉዳዩ እኛንም ይነካል።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ከጎልድ ኮስት ከ60 ሺህ በላይ ሰው ለእንግሊዝ ዘምቷል። መጀመሪያ የዘመቱት የት መሰላችሁ? ወደ እኛ ነው። 24ኛው የጎልድ ኮስት ብርጌድ በ1941 መጀመሪያ ከኬንያ ተነስቶ ጁባ ወንዝን ተሻገረ። ከዚያ ወደ ደቡብ ኢትዮጵያ ገባ። ከነጌሌ ወደ አዶላ በሚወስደው መንገድ ላይ ዋደራ አለ። ጫካ ነው፣ ዝናብ ነው፣ ጭቃ ነው። ጣሊያን መንገዱን ዘግቶ መሽጓል። እነዚህ ሰዎች ሦስት ሳምንት ተዋጉበት። በእኛ አቆጣጠር ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ጃንሆይ አዲስ አበባ ሲገቡ፣ እነሱ ገና ዋደራ ላይ እየተዋጉ ነበር። ቦታው የተያዘው ከአምስት ቀን በኋላ ነው። የአርበኞቻችንን ስም ስንጠራ እነዚህንም ብናስታውስ ደስ ይለኛል። ብዙዎቻችን በትምህርት ቤት አልሰማናቸውም።

ከዚህ በኋላ በርማ ተላኩ። ከናይጄሪያ፣ ከሴራሊዮንና ከጋምቢያ ወንድሞቻቸው ጋር ጃፓንን ተዋጉ። መኪና የማይገባበት ጫካ ስለነበር ስንቁንና ጥይቱን በራሳቸው ላይ ተሸክመው ነው የሄዱት። ነጭ ወታደር አጠገባቸው ሲፈራ፣ ሲያለቅስ፣ ሲሞት አዩ። ነጭ በነጭ ላይ ሲተኩስ ቀድሞም አይተዋል። ህንድ ውስጥ ሰው በአደባባይ እንግሊዝ ይውጣ ሲል ሰሙ። ኦገስት 1947 ላይ ደግሞ ህንድ ነፃ ወጣች።

ሲመለሱ ምን አገኙ? ሲዘምቱ ሥራና ጡረታ ተነግሯቸው ነበር። አብዛኛው ሥራ አላገኘም። ያጠራቀማት ገንዘብ በዋጋ ንረት አለቀች። መንደሩ መመለስ ያልፈለገው አክራ ላይ ቀረ። ማንበብ የለመደ፣ መኪና መንዳት የለመደ፣ ሬዲዮ መጠገን የቻለ ሰው ሥራ ፈትቶ በረንዳ ላይ ዋለ። ዝም ብሎ ግን አልተቀመጠም። የቀድሞ ወታደሮች ማኅበር አቋቋመ፤ ደብዳቤ ጻፈ፤ ጠበቀ።

ሦስተኛው ነገር የሱቅ ዋጋ ነው። ከጦርነቱ በኋላ ሸቀጥ እጥረት ነበር። ጨርቅ በተለይ ጠፋ። የተገኘውም በላስቲክ ዋጋ ነው፤ ዛሬ ይሄ፣ ነገ ያ። ትንንሾቹ ነጋዴዎች ዕቃ ሊያወርዱ ሲሄዱ የማይፈለገውን ካልገዛችሁ የሚፈለገውን አንሸጥም ይባሉ ነበር። ከኦሱ ሰፈር ኒ ክዋብና ቦኔ የተባሉ አለቃ ተነሱ። ራሳቸውም ነጋዴ ስለነበሩ ሒሳቡን ያውቁታል። በ1947 መጨረሻ ኩባንያዎቹን ዋጋ ቀንሱ ብለው አስጠነቀቁ። መልስ ሲጠፋ ጃንዋሪ 26 ቀን 1948 ያለመግዛት አድማ ተጀመረ።

ይህን አድማ ልብ ብላችሁ እዩት። ገበያውን የያዙት ሴቶች ናቸው፤ እነሱ ተቀበሉት። አለቆቹ በየከተማው አስፈጸሙት። ያፈረሰ ተቀጣ። አንድ ወር ሙሉ የአውሮፓውያን፣ የሶርያና የሊባኖስ ሱቆች ተገትረው ዋሉ። ንክሩማ በዚህ ውስጥ የሉበትም። ዩ.ጂ.ሲ.ሲ. የሚባለው የጠበቆቹና የነጋዴዎቹ ፓርቲ እንኳ አልመራውም። ሰው ስለ ነፃነት ሳይሆን ስለ ቀሚስ ጨርቅ ነው የተሰባሰበው።

ከአንድ ወር በኋላ መንግሥት አደራደረና ስምምነት ተገኘ። አንዳንድ የውጭ ሸቀጥ ላይ ኩባንያዎቹ የሚይዙት ትርፍ ከ75 በመቶ ወደ 50 በመቶ ይወርዳል። አድማው ቅዳሜ ፌብሩዋሪ 28 ቀን ያበቃል። ዜናው በየገበያው ሲደርስ ሰው የሰማው ግን ዋጋ በግማሽ ሊወርድ ነው የሚል ነው።

ሒሳቡን ላሳያችሁ። ኩባንያው በ100 ሺልንግ ያመጣው ጨርቅ አለ እንበል። በ75 በመቶ ትርፍ በ175 ይሸጠው ነበር። በ50 በመቶ ትርፍ በ150 ይሸጠዋል። ቅናሹ 25 ሺልንግ ነው፤ ከሰባት አንድ እጅ። ቅዳሜ ጠዋት ሴቶቹ ወር ሙሉ ያጠራቀሙትን ይዘው ሱቅ ገቡ። በግማሽ ዋጋ የጠበቁት ጨርቅ 150 ተባለ። ተታለልን አሉ። በወረቀቱ ላይ አልተታለሉም። ግን ትርፍና ዋጋ የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን፣ ቅናሹ የቱን ያህል እንደሆነ፣ በሚገባቸው ቋንቋ ቁጭ ብሎ ያስረዳቸው ባለሥልጣን የለም። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው እንዲህ ላለ ቀን ነው። በማለዳ የተነገረ ጥቂት ግልጽ ቃል ያን ቀን ብዙ ሕይወት ያተርፍ ነበር ብዬ አምናለሁ።

በዚያው ቅዳሜ ወታደሮቹም ሰልፍ ወጡ። ወደ ሁለት ሺህ ይሆናሉ። መሣሪያ አልያዙም። የያዙት ለአገረ ገዥው የሚሰጥ አቤቱታ ነው። አገረ ገዥው ሰር ጄራልድ ክሪሲ ለአገሩ እንግዳ ናቸው፤ ከመጡ ሁለት ወር አልሞላቸውም። የሚኖሩት ክርስቲያንስቦርግ ቤተ መንግሥት ነው። ዴንማርኮች በ17ኛው ክፍለ ዘመን የሠሩት፣ ባሪያ ሲጫንበት የኖረ የባሕር ዳር ምሽግ ነው። ለሰልፉ የተፈቀደው መንገድ በዚያ አያልፍም ነበር። ሰልፈኛው መንገዱን ለቅቆ ወደ ቤተ መንግሥቱ አመራ።

መስቀለኛው መንገድ ላይ ኮሊን ኢምሬይ የሚባል እንግሊዛዊ የፖሊስ አዛዥ ከጥቂት ፖሊሶች ጋር ቆሞ ጠበቃቸው። ተመለሱ አላቸው። አልተመለሱም። ድንጋይ ተወረወረ። ተኩሱ ብሎ አዘዘ። ትእዛዙ ወዲያው አልተፈጸመም። አጠገቡ ካለው ፖሊስ ጠመንጃውን ነጠቀና ራሱ ተኮሰ። ሳጅን አጄቴይ፣ ኮርፖራል አቲፖ እና ወታደር ኦዳርቴይ ላምፕቲ ሞቱ። ሌሎችም ቆሰሉ። ለንጉሡ ሲዋጉ የኖሩ ሰዎችን በንጉሡ ስም የሚሠራ ሰው ገደላቸው። ይህን ስናገር አሁንም ያመኛል።

ወሬው ሱቅ ውስጥ ተናዶ ከቆመው ሕዝብ ጆሮ ደረሰ። ከሰዓት በኋላ የዩናይትድ አፍሪካ ካምፓኒ ሱቆችና የሌሎችም መጋዘኖች ተዘረፉ፣ ተቃጠሉ። እስር ቤት ተሰብሮ እስረኛ ወጣ። ብጥብጡ ወደ ኩማሲ፣ ወደ ኮፎሪዱዋ፣ ወደ ሌሎች ከተሞች ተዛመተ። በቀናት ውስጥ 29 ሰው ሞተ፤ 237 ቆሰለ።

መንግሥት ምን አደረገ? የኮሙኒስት ሴራ ነው አለ። የዩ.ጂ.ሲ.ሲ.ን ስድስት መሪዎች አሰረ፦ ጄ. ቢ. ዳንኳ፣ ንክሩማ፣ ኤድዋርድ አኩፎ-አዶ፣ ዊልያም ኦፎሪ አታ፣ ኤቤኔዘር አኮ-አጄ እና ኢማኑኤል ኦቤትሴቢ-ላምፕቲ። ወደ ሰሜን ወስዶ ለየብቻ አስቀመጣቸው። አድማውን አልጠሩትም፤ ሰልፉን የመሩት እነሱ አይደሉም። በመታሰራቸው ግን የሁሉም መሪ ሆኑ። ዛሬም ጋና ውስጥ ስድስቱ ታላላቆች ይባላሉ፤ የገንዘብ ኖት ላይ ስድስቱም አሉ። ኬፕ ኮስት ላይ ተማሪዎች ስለ እነሱ አድማ መትተው ከትምህርት ቤት ተባረሩ። ንክሩማ ከተፈቱ በኋላ ለእነዚህ ልጆች ትምህርት ቤት ከፈቱላቸው።

ከለንደን በኤይከን ዋትሰን የሚመራ ኮሚሽን መጣ። ኮሚሽኑ ኢምሬይን ጥፋተኛ አላለውም። በቀረው ነገር ግን ያልተጠበቀ ድፍረት አሳየ። የሰውን ቅሬታ አንድ በአንድ ዘረዘረ፦ ወታደሩን፣ ካካዎውን፣ የሱቁን ዋጋ፣ ትምህርት ጨርሶ ሥራ ያጣውን ወጣት። ከሁሉ በላይ በ1946 የወጣውን ሕገ መንግሥት ሲወለድ ጀምሮ ያረጀ ነው አለው። ያ ሕገ መንግሥት በአገረ ገዥ አላን በርንስ ስም ይጠራል፤ እንግሊዞች ይኮሩበት ነበር። በሕግ አውጪው ምክር ቤት ውስጥ አፍሪካውያን አብላጫ ሆነዋል። ነገር ግን ከተመረጡት 18 ውስጥ ከተማው በቀጥታ የሚመርጠው አምስት ብቻ ነው። የቀሩትን የሚልኩት የአለቆች ጉባኤዎች ናቸው። የአስፈጻሚው ሥልጣን ደግሞ ያው በአገረ ገዥው እጅ ነው። ጨርቅ የተወደደባት እናት ለማን ትናገር? የወታደሩን አቤቱታ ማን ይቀበለው? ያ ሰልፍ መንገዱን ለቅቆ ወደ ቤተ መንግሥት የሄደው ሌላ የሚሄድበት ስላልነበረ ነው። የዚህ አገር ብጥብጥ ሥር ይህ ይመስለኛል። ድህነት ብቻውን አይደለም፤ ከዚያች አገር የባሱ ድሆች ነበሩ።

ከዚህ በኋላ ያለው ፈጥኖ ሄደ። አባላቱ በሙሉ አፍሪካውያን የሆኑ፣ በዳኛ ሄንሊ ኩሲ የሚመራ ኮሚቴ አዲስ ሕገ መንግሥት ረቂቅ አዘጋጀ። ጠበቆቹ ረክተው ሊጠብቁ ፈለጉ። ንክሩማ ግን አልጠበቁም። ጁን 12 ቀን 1949 የራሳቸውን ፓርቲ፣ ሲ.ፒ.ፒ.ን፣ አቋቋሙ። መፈክራቸው ራስን ማስተዳደር አሁኑኑ የሚል ነው። ጃንዋሪ 1950 አጠቃላይ አድማ ጠርተው ታሰሩ። ፌብሩዋሪ 1951 እስር ቤት ሆነው ተወዳደሩ፤ ከ23,122 ድምፅ 22,780 አገኙ። አዲሱ አገረ ገዥ ቻርልስ አርደን-ክላርክ ከእስር አስወጥተው መንግሥት እንዲመሩ ጋበዟቸው። በረንዳ ላይ የዋለው ያ ሥራ ፈት ወጣትና ወታደር የመረጣቸው ሰው ነው።

ንክሩማ ወጣት ሳሉ፣ በ1935፣ ለንደን መንገድ ላይ ሙሶሊኒ ኢትዮጵያን ወረረ የሚል የጋዜጣ ማስታወቂያ አይተው ነበር። ከተማው በሙሉ በእኔ ላይ ጦርነት ያወጀ መሰለኝ ብለው ስሜታቸውን በኋላ ጽፈውታል። ሰውየው ለእኛ ያላቸውን ፍቅር ከዚያ እንረዳለን። አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ የሚቀጥለውንም መናገር አለብኝ።

ንክሩማ ሥልጣን ላይ ሆነው ካካዎው እንደገና መጣባቸው። መጀመሪያ የዛፍ ቆረጣውን አስቆሙ። በሽታው ግን አልቆመም፤ ቆይተው ገበሬውን አሳምነው መቁረጡን ማስቀጠል ነበረባቸው። በኦገስት 1954 ደግሞ መንግሥታቸው የካካዎ ዋጋ ለአራት ዓመት በአንድ ጭነት 72 ሺልንግ እንዲሆን በሕግ ቆረጠ። የዓለም ዋጋ ያን ጊዜ ከዚያ በእጅጉ ይበልጥ ነበር። ልዩነቱ ለልማት ይውላል ተባለ። የአሻንቲ ገበሬ ይህን ቃል ከዚህ በፊትም ሰምቶታል፤ ያኔ የተናገረው እንግሊዝ ነበር። በሴፕቴምበር ኩማሲ ላይ ሕዝብ ተሰብስቦ ብሔራዊ ነፃ አውጪ ንቅናቄ የሚባል ተቃዋሚ አቋቋመ። ቦምብ ተወረወረ፣ ቤት ተቃጠለ፣ ሰው ሞተ። እንግሊዝም ነፃነቱን ከመስጠቴ በፊት ሌላ ምርጫ ይደረግ አለች። ምርጫው በጁላይ 1956 ተደረገ፤ ንክሩማ አሸነፉ። ነፃነቱ የታወጀው ማርች 6 ቀን 1957 ነው፤ የ1844ቱ ውል የተፈረመበት ዕለት፣ ልክ በ113 ዓመቱ። የካካዎው ዋጋ ግን የዚያን ቀንም ገና አከራካሪ ነበር። የአሻንቲ ገበሬ ባንዲራውን ሲቀበል የካካዎ ጥያቄውን አልተወም።